የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥናት ሲጽፉ፦ የ2017 ዓ.ም. የክበብ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሁለተኛ ሳምንት

የጥናትና ምርምር ክበቡ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ልጆቹ ከ11ኛ ክፍል ናቸው። ከተፈጥሮ ሳይንስም ከማኅበራዊ ሳይንስም አሉበት። እስከ ግንቦት ድረስ በየቡድናቸው አንድ አንድ የጥናት ጽሑፍ ጽፈው ይጨርሳሉ። የምንገናኘው ከትምህርት መልስ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ነው።

12ኞችን ሆን ብዬ አላስገባሁም። የእነሱ ዓመት በብሔራዊ ፈተናው የተያዘ ነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተዛወረ ወዲህ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በየዓመቱ ከ4 በመቶ በታች ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ከጥናት ላይ አንስቶ ክበብ አይልክም። አልፈርድበትም።

ግን ፈተናው ራሱ ለዚህ ሥራ ምክንያት ሆኖኛል። ልጆቻችን የሚፈተኑት ትክክለኛውን ምርጫ በማጥቆር ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ደረጃ እየወጣ፣ እየተሸለመ፣ የራሱን ሐሳብ ከሁለት ገጽ በላይ ሳይጽፍ 12ኛን ሊጨርስ ይችላል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገባና መመረቂያው ሲደርስ "ሲኒየር ኢሴይ አምጣ" ይባላል። ያኔ የብዙዎቹ መድረሻ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የአምና የካቻምናው ጽሑፍ በፍላሽ ይገለበጣል፣ ስም ይቀየራል፣ ይጠረዛል። እንዲህ የሚያደርገውን ልጅ ሰነፍ ማለት ይከብደኛል። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ በ12 ዓመት ትምህርቱ ያሳየው ሰው አልነበረም።

የዛሬው ሥራ ቀላል ነበር። ማጥናት የምትፈልጉትን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ አልኳቸው። የመጡት ርዕሶች እነዚህ ናቸው፦ ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ የትራፊክ አደጋ በኢትዮጵያ፤ የአየር ንብረት ለውጥ፤ የአድዋ ድል፤ የትራንስፖርት ችግር በአዲስ አበባ። አብዛኞቹ ደግሞ ያው ማኅበራዊ ሚዲያ።

ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። "ይህን እስከ ግንቦት በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ሰው ጠይቃችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ?" ዝም አሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችን ይሄው ነው።

ጥቅምት፣ የመጨረሻው ሳምንት

ርዕስ የማጥበብ ሳምንት። ከጠበቅኩት በላይ ጊዜ ወሰደ። ግን ወደኋላ ሳየው የዓመቱ ዋና ሥራ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ልጅ ከማኅበራዊ ሚዲያው ርዕስ ፈቀቅ አልል አለ።

"ቲቸር፣ ቲክቶክ ተማሪ እያበላሸ ነው። ይሄ እኮ የታወቀ ነው።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም ሰው።"

"ከሁሉም ሰው አንድ ጥራልኝ።"

ትንሽ አሰበ። "እናቴ" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ወድጄዋለሁ። ቢያንስ የሚናገር ሰው ተገኘ።

"ጥሩ። እናትህ በምን አወቁ?"

"ማታ ማታ ስልክ ይዤ ስለምታየኝ።"

"እንግዲያው እሳቸው ያዩት ውጤትህ ሲወርድ አይደለም። ሳትተኛ ስታመሽ ነው።"

ልጁ ሰሌዳውን አየ፣ ደብተሩን አየ። ከዚያ ጥያቄው ራሱ እየጠበበ ሄደ። መጨረሻ ላይ የደረሱበት ይህ ነው፦ የትምህርት ቤታችን 11ኛ ክፍል ተማሪዎች በነጋታው ትምህርት ባለበት ማታ፣ ከእራት በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ስልክ ይዘው ይቆያሉ? በስንት ሰዓትስ ይተኛሉ? "ውጤት" የሚለውን አወጡት። እኔ አውጡ አላልኳቸውም። አንዷ ልጅ ናት ያነሳችው። "ስልክ ስለሚያይ ነው የወደቀው ወይስ ትምህርቱ ስለከበደው ነው ስልክ የሚያየው? ይሄን በምን እንለየዋለን?" አለች። ይህን ጥያቄ በ11ኛ ክፍል ከራሷ አውጥታ የጠየቀች ልጅ ብዙ ርቀት ሄዳለች።

የትራንስፖርቱ ቡድን ከከተማው ችግር ሁሉ ወርዶ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የከተማችን ቀላል ባቡር በስንት በስንት ደቂቃ ይመጣል? ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ እያዩት ነው ያደጉት። ጣቢያ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ይቻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው እስካሁን ምንም ካልተናገረች ልጅ ነው። "ኅዳር 12 ሊደርስ ነው። ቆሻሻ ለምንድነው የምናቃጥለው? አያቴን ስጠይቃት 'ድሮም እንዲህ ነው' ብቻ ነው የምትለኝ።" ሌሎቹ ተያዩ። ሁሉም በየዓመቱ ያቃጥላል። አጥርቶ ሊናገር የቻለ ግን አልነበረም። ቡድኑ በአምስት ደቂቃ ሞላ።

አድዋን የመረጡት ልጆች ቅር አላቸው። ርዕሱ ትልቅ መሆኑን አልካድኩም። ግን ስለ አድዋ ከመጽሐፍ ከመቅዳት የተለየ ነገር በዚህ ዓመት መሥራት የምንችልበትን መንገድ አላገኘንም። ተከፋፍለው ሦስቱ ቡድኖች ውስጥ ገቡ።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ደብተር ተገዛ። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ያነበቡት ወይም የሰሙት ነገር ይሰፍራል። በቀኝ በኩል የራሳቸው ሐሳብ። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ። ከገጹ ራስ ላይ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን አለ? መቼ አለ? የት አገኘሁት? መጽሐፍ ከሆነ የገጽ ቁጥር ጭምር። ሰው ከሆነ ዕድሜና ሰፈር። ከኢንተርኔት ከሆነ ገጹን ማን እንዳዘጋጀውና ያዩበት ቀን።

የኮፒ ፔስትን በሽታ በምክር ማዳን አይቻልም። ስረቁ ብሎ ያስተማራቸው የለም። የሰው ቃልና የራሳቸው ቃል የሚለያይበትን መስመር ነው ያላዩት። መስመሩ ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ሲሰመር ብዙው ነገር ይስተካከላል።

የኅዳር ቡድን ቀኑ ስለቀረበ ተጣድፏል። የቃለ መጠይቅ ልምምድ አደረግን። አንዱ አባባ ይሆናል፣ ሌላዋ ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው በኅዳር በሽታ ምክንያት ነው አይደል?" የሚል ነበር። እንዲህ ከተጠየቁ ማንም ትልቅ ሰው "አዎ ልጄ" ነው የሚለው። ጥያቄውን ቀየርነው። "እማማ፣ ልጅ ሆነው ኅዳር ሚካኤል ቀን ቤታችሁ ምን ይደረግ ነበር?" ከዚያ ዝም ማለት። መጠበቅ። ይህን "መጠበቅ" ብዙ ተለማመድን። ልጆች ዝምታ ያስፈራቸዋል፤ ቶሎ ሊሞሉት ይፈልጋሉ።

ፈቃድ መጠየቅም ተለማመድን። "ድምፅዎን በስልክ ብንቀዳ ይፈቅዱልናል? ስምዎን አንጽፍም።" ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ በማህተም ሰጥቶናል።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ታጠነ። ልጆቹ በየሰፈራቸው ተሰማርተው ነበር፤ ዛሬ ልብሳቸው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ስልካቸው በድምፅ ቅጂ ተሞልቷል።

ያመጡት ነገር የተለያየ መሆኑ ደስ ብሎኛል። አንዳንዶቹ አዛውንቶች በቀጥታ የኅዳር በሽታን አንስተዋል። አንዳንዶቹ "ለሚካኤል ነው" ብለዋል። አንድ አባባ ደግሞ "ኧረ ይሄ ከበሽታውም በፊት የነበረ ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ሰፈር ይጸዳል" ብለዋል። አንዲት እናት ቡና አፍልተው እስከ ሦስተኛው ድረስ አላስነሱዋቸውም። የበሽታውን ታሪክ ከእናታቸው እንደሰሙት፣ ሬሳ የሚቀብር ጠፍቶ እንደነበር አውርተውላቸዋል።

"ቲቸር፣ ማንኛውን እንጻፍ?" አሉኝ።

"ሁሉንም። ማን እንዳለው ጭምር።"

"ትክክለኛውስ?"

"እሱን ገና አላወቅንም።"

ይህ መልስ አላረካቸውም። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሁሉ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ አለ።

ኅዳር፣ የመጨረሻው ሳምንት

በሒሳብ ጀመርን። የኅዳር በሽታ የምንለው አዲስ አበባን የመታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ የስፔን ጉንፋን የተባለው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሚሊዮኖችን የጨረሰው በሽታ ነው። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ነው የዳኑት።

"ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ስንት ዓመታቸው ነው?" አልኳቸው። ትልቁ ሰው ዘጠና አልሞሉም። በ1911 የተወለደ ሰው ዛሬ 106 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ከሰዎቻችን አንድም በዓይኑ ያየ የለም። የነገሩን ሁሉ ሲነገር የሰሙትን ነው። ልጆቹ ይህን ሲያሰሉ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በየደብተራቸው ላይ "እማማ እንዳሉት" የሚለው ተሰርዞ "እማማ ከእናታቸው እንደሰሙት" ተባለ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ለእኔ ግን ጥናት የሚባለው ነገር የገባቸው ያን ዕለት ነው።

ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእንግሊዝኛ ምንጭ ኖቬምበር 1918 ይላል። ግማሾቹ ስምንት ቀንሰው 1910 ብለው ጻፉ። ሰሌዳ ላይ መስመር አስምረን አየነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ኖቬምበር ከዘመን መለወጫችን በኋላ፣ ከእነሱ አዲስ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ሰባት፤ 1911። አሁን ሁሉም ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፍ ግዴታ ነው። በታተሙ ጽሑፎች ላይ እንኳ ይህ ሲምታታ አያለሁ።

አንድ ልምምድ ደግሞ ድንገት መጣልኝ። እነዚህ ልጆች ኮሮና ሲገባ 6ኛ ክፍል ነበሩ። "ትምህርት ቤት የተዘጋው መቼ ነው? ያን ቀን ምን ሆነ? ሳትነጋገሩ ጻፉ" አልኳቸው። አንዱ የካቲት አለ፣ አንዷ ሚያዝያ አለች፣ አንዱ ዓርብ ነበር ብሎ ማለ። ከዚያ የወቅቱን ዜና ፈልገን አየን። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የተነገረው መጋቢት 7፣ ሰኞ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የራሳቸው ትዝታ እንዲህ ከተለያየ፣ የመቶ ዓመቱ ወሬ እንዴት ሊሆን እንደሚችል መናገር አላስፈለገኝም። ለአዛውንቶቹም ያላቸው አክብሮት አልቀነሰም። እንዲያውም አንዷ "ሰው የሚያስታውሰው ቀኑን ሳይሆን የተሰማውን ነው" አለች። ይህን በደብተሯ ቀኝ ገጽ ላይ እንድትጽፈው ነገርኳት።

ታኅሣሥ

ቤተ መጻሕፍት። መጀመሪያ ወመዘክር ሄድን። አብዛኞቹ ስሙን የታክሲ መውረጃ አድርገው ነው የሚያውቁት። ውስጡ የቆዩ ጋዜጦች በጥራዝ እንዳሉ ሲያዩ ድምፃቸው ራሱ ቀነሰ።

ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር አሰላን። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዘመን በ1933። ስለዚህ በሁለቱም ጋዜጦች ላይ ስለ ኅዳር በሽታ የሚገኝ ጽሑፍ ቢኖር፣ በሽታው ካለፈ ከዓመታት በኋላ የተጻፈ ነው። በዚያው ሰሞን የተጻፈና ቆይቶ የተጻፈ ምንጭ የሚለያዩት በዚህ ነው። የመማሪያ መጽሐፋቸው ይህን በትርጉም ያስተምራል። ልጆቹ ግን የገባቸው ጥራዙን ከመጠየቃቸው በፊት ዓመቱን ሲቀንሱ ነው።

ሌላ ቀን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኅዳር በሽታ የጻፉት ጥናት አለ። እንግሊዝኛው ለልጆቹ ከባድ ነው። ሁለት ገጽ ብቻ መረጥንና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሄድንበት። ያነበቡትን መጽሐፉን ዘግተው በአማርኛ ለጓደኛቸው ይናገራሉ። ከዚያ ይጽፋሉ። መጽሐፉ ክፍት እያለ የተጻፈ ማጠቃለያ ሁልጊዜ ቅጂ ነው የሚሆነው።

ምንጭ አጻጻፍ ላይ የስም ነገር ተነሳ። ፓንክረስት በቤተሰብ ስማቸው ይመዘገባሉ። የእኛ ሰው ግን የቤተሰብ ስም የለውም። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን "ዘውዴ፣ ባ." ብሎ መመዝገብ ጽሑፉን ለአባትየው መስጠት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት የምንጭ መመዝገቢያ ፕሮግራሞች ይህን አያውቁም፤ ሁሉንም ይገለብጣሉ። እኛ በጋራ ደንብ አወጣን። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱ ስም ይጀምራል፣ የአባት ስም ይከተላል፣ ሁለቱም ሳያጥሩ ይጻፋሉ። የታሪክ ምሁሮቻችን ሲሠሩበት የቆየው ልማድ ይሄው ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በፊት

የስልክ ቡድን መጠይቅ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ "ቲክቶክ ጊዜህን እያባከነብህ ነው ብለህ ታምናለህ?" መልሱን ጥያቄው ራሱ ይዞ መጥቷል። በዚህ ፈንታ "ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ስልክ ይዘህ ቆየህ?" ሆነ። "ብዙ ጊዜ" እና "አልፎ አልፎ" የሚሉት ምርጫዎች ወጡ። ለአንዱ ብዙ የሆነው ለሌላው ጥቂት ነው። ትናንት ግን ለሁሉም ትናንት ነው።

በሌላ ክፍል ባሉ ጥቂት ተማሪዎች ላይ ሞከሩት። አንድ ችግር ወዲያው ብቅ አለ። "ስንት ሰዓት?" የሚለውን ግማሹ የቆይታ ርዝመት አድርጎ መለሰ፣ ግማሹ የሰዓት አቆጣጠር አድርጎ "3 ሰዓት" አለ። ሁለት ሰዎች "3" ብለው ጽፈው የተለያየ ነገር ማለታቸው ነው። ቃሉ ተስተካከለ። መጠይቅን ሳይሞክሩ መበተን የሚያመጣውን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ስም እንዳይጻፍ ተስማሙ። ወረቀቱም በአስተማሪ እጅ አይሰበሰብም፤ ካርቶን ሳጥን ውስጥ ይከተታል። አስተማሪ የሚያነበው ወረቀት ላይ ማን እውነቱን ይጽፋል? ፈቃደኛ የሆኑት ደግሞ ስልካቸው ራሱ የሚመዘግበውን የአጠቃቀም ጊዜ አይተው እንዲሞሉ አንድ መስመር ተጨመረ። ሰው የገመተውና ስልኩ የቆጠረው ይነጻጸራል። ይህ የልጆቹ ሐሳብ ነው። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው።

የካቲት

የባቡር ቡድን ስታዲየም ጣቢያ ላይ ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ያዩት ጥበቃ ጥላ ያለበትን ቦታ ሰጥተዋቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን ውጤታቸውን ይዘው ደስ ብሏቸው መጡ፤ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጣው ብለው። ሰንጠረዡን አየሁትና የባቡሮቹን ቀለም ጠየቅኳቸው። አልመዘገቡም። ሁለቱ መስመሮች፣ ማለትም ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴውና ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ሰማያዊው፣ መሀል ከተማ ላይ የተወሰነውን ሐዲድ ይጋራሉ። ስታዲየም የጋራ ጣቢያ ነው። አያት የሚሄድ ሰው የቃሊቲው ባቡር ቢመጣለት አይጠቅመውም። ስለዚህ እዚያ ቆሞ ሁሉንም ባቡር መቁጠር የመንገደኛውን ጥበቃ ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል።

ሰንጠረዡ እንደገና ተሠራ። ቀለም፣ አቅጣጫ፣ የደረሰበት ደቂቃ። ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይና ማታ መውጫ ላይ። አማካዩን ብቻ እንዳይጽፉም ተነጋገርን። አጭሩና ረጅሙም ይጻፍ። ሰው ሥራ የሚያረፍደው በአማካዩ አይደለም፤ በረጅሙ ነው።

የመግቢያ ረቂቃቸው "አዲስ አበባ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት" ብሎ ይጀምራል። "ማን ቆጠረ?" አልኩ። ፈለጉ። አንዱ ቦታ እንዲህ፣ ሌላው ቦታ እንዲያ። አገራችን እስካሁን ያካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጨረሻው ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ፣ አገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ሁሉ ግምት ነው። ግምት መጥፎ ነገር አይደለም። ግን ግምት መሆኑና የማን ግምት እንደሆነ መጻፍ አለበት። ልጆቹ ተበሳጩ። "እንግዲህ አንድ ቁጥር እንኳ ማመን አንችልም ማለት ነው?" አሉ። እንችላለን። ከየት እንደመጣ ካወቅን።

የካቲት መጨረሻ

አንድ ቡድን የሚያምር እንግሊዝኛ ይዞ መጣ። ከአራት ቀን በፊት ከሰጡኝ ረቂቅ ጋር አይገናኝም። ቻትጂፒቲ እንደሆነ ለማወቅ አይከብድም። አልተቆጣሁም። መጨረሻው ላይ የተዘረዘሩትን ምንጮች አንድ በአንድ እንድንፈልጋቸው ብቻ ጠየቅኩ። ጸሐፊ አለ፣ ዓመት አለ፣ የመጽሔት ቅጽ አለ። ስንፈልግ ግን ጥቂቶቹ ጭራሽ የሉም። አንዱ መጽሔት በእርግጥ አለ፤ በተባለው ገጽ ላይ ያለው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

የልጆቹን ፊት ማየት ከባድ ነበር። ማሽኑ ይዋሻል ብለው አላሰቡም። ከዚያ ደንብ ተነጋገርን። ከባድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሲያጋጥም አስረዳኝ ማለት ይቻላል። ጻፍልኝ ማለት አይቻልም። ምንጭ ስጠኝ ማለትም አይቻልም። ራሳቸው ያላነበቡት ምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ስልኩን መከልከል አልፈለግኩም፤ ሲወጡ ያገኙታል። ሲጠቀሙበት "ማን አለ?" ብለው መጠየቅ መቻላቸው ነው የሚያስጨንቀኝ።

መጋቢት

መጻፍ ተጀመረ። ሁሉም ከመግቢያው መጀመር ፈለገ። መግቢያውን ከለከልኳቸው። መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ ይጻፋል፤ የት ሄዱ፣ ማንን ጠየቁ፣ እንዴት ቆጠሩ። ከዚያ ያገኙት። ከዚያ ሌሎች የጻፉት። መግቢያ መጨረሻ ላይ። ገና ያልሠራኸውን ነገር ማስተዋወቅ አይቻልም። ከመግቢያ የጀመረ ልጅ "በአሁኑ ጊዜ በዓለማችን ላይ" ብሎ ነው የሚነሳው።

ረቂቁ በአማርኛ እንዲሆን ወሰንኩ። ይህ ውሳኔ ባልደረቦቼን አላስደሰተም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው ነው፣ ለምን ወደኋላ ትመልሳቸዋለህ አሉኝ። ክርክራቸው ውሃ ያነሳል። እኔ ግን ያየሁት ይህ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚያውቃቸው ዓረፍተ ነገሮች ወዳሉበት ይሄዳል። የሚያውቃቸው ደግሞ የሸመደዳቸው ናቸው። በአማርኛ ሲጽፍ የሚለው ነገር ከሌለው ወዲያው ይታወቃል፤ ለራሱም ይታወቀዋል። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መውሰድ የቋንቋ ሥራ ብቻ ይሆናል። የስልክና የባቡር ቡድኖች በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል። የኅዳሩ በአማርኛ ይቀራል። ያነጋገሯቸው ሰዎች ማንበብ አለባቸው።

ሚያዝያ

ከፋሲካ በኋላ እርማት። ረቂቆቹ በቡድኖች መካከል ተለዋወጡ። የስልኩ ቡድን የኅዳሩን ያነባል። አንባቢው በእርሳስ ሁለት ዓይነት ምልክት ብቻ ያደርጋል። "ማን አለ?" የሚያስብለው ቦታ ላይ አንድ፣ ያልገባው ቦታ ላይ ሌላ። ፊደል ማረም ክልክል ነው። ፊደል ማረም ከጀመሩ ሌላ አያዩም።

በብዛት ምልክት የበዛባቸው ቃላት፦ "ብዙ ሰዎች"፣ "እንደሚታወቀው"፣ "ከጥንት ጀምሮ"። ሦስቱም በስንት ሰው፣ በማን፣ ከመቼ ተተኩ። መተካት ሲያቅት ተሰረዙ።

መቶኛ ላይም ተነጋገርን። ከ12 ሰው 3ቱን "25 በመቶ" ብሎ መጻፍ ስህተት አይደለም፤ አንባቢን ግን ብዙ ሰው የተጠየቀ ያስመስልበታል። "ከ12 ሦስቱ" ይበቃል።

እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ "ያልደረስንበት" የሚል ክፍል አለ። ልጆቹ ይህን ክፍል ፈሩት። ድክመትን በራስ እጅ መጻፍ ማርክ ያስቀንሳል ብለው ነው። ማርክ የለውም አልኳቸው። የኅዳሩ ቡድን ሁለት አንቀጽ ጻፈ። በሽታውን በዓይኑ ያየ ሰው እንዳላገኙ፣ ቃጠሎው ከበሽታው በፊት ነበረ የሚለውን ሐሳብ የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም ጽሑፍ እጃቸው እንዳልገባ፣ ከገጠር የመጣ ሰው እንዳላነጋገሩ። እኔ ከጽሑፉ ሁሉ ያመንኩት ይህን ክፍል ነው። እዚህ ላይ ታማኝ የሆነ ልጅ ሌላው ላይም ታማኝ ነው ብዬ ነው።

ግንቦት

ሦስቱም ጽሑፎች አለቁ። ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ለየቡድኑ አጭር ጊዜ ተሰጠ። የባቡሩ ቡድን ሰንጠረዡን በትልቅ ወረቀት ሠርቶ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የስልኩ ቡድን ሲያቀርብ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከሰልፉ መሀል "ስንት ሰው ጠይቃችሁ ነው?" ብሎ ጮኸ። አቅራቢዋ ቁጥሩን ተናገረች፤ የጠየቁት 11ኛ ክፍልን ብቻ ስለሆነ ስለ 9ኛ ክፍል ምንም ማለት እንደማይችሉም ጨመረች። እኔ ከዚህ በላይ የምጠይቃት ነገር የለም።

የኅዳሩን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አድርገው ላነጋገሯቸው ሰዎች በየቤታቸው ወሰዱ። ከበሽታውም በፊት ነበረ ያሉት አባባ አንብበው አስጠርተዋቸዋል። የእሳቸው ሐሳብ "ያልተረጋገጠ" መባሉ አላስደሰታቸውም። ግን ገጠር ያለ አንድ ዘመዳቸውን ጠይቁ ብለው ስልክ ሰጥተዋቸዋል። ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ነገሩኝ። ጽሑፉ ተጠርዟል፣ ዓመቱ አልቋል፣ እነሱ ግን ክረምት ላይ መደወል ይፈልጋሉ።

የእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ከደብተሮቹ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መደርደሪያ ተሰጥቶታል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ልጆች ከዜሮ እንዳይጀምሩ "ያልደረስንበት" ከሚለው ክፍል ተነስተው ጥያቄ ይመርጣሉ። የርዕስ ማጥበቡን ሥራ ወደ መስከረም አመጣዋለሁ። ኅዳር ላይ መጣደፍ እንዳይኖር ቃለ መጠይቁም ጥቅምት ላይ ይጀመራል። የትብብር ደብዳቤው በአዲስ ቀን ተጽፎ እንዲጠብቀን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ከአሁኑ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።